ቤት የሚሸጥ ምርቃት

ደላላ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ ከሚሰድበኝ ገና ሳልጀምር ሰድቦኝ ቢገላገል ይሻላል ብዬ ነው። ስሜ ወጋየሁ ነው፤ ከለቡ እስከ ሃና ማርያም ቤት አሻሽጣለሁ። የማወራችሁ ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ የሰው ቤት በተሸጠ ቁጥር ማደሪያዋን ስለምታጣ ጤናዬ ስለምትባል ሴት ነው።

ያወቅኋት ለቡ መብራት ኃይል፣ የወይዘሮ ጸሐይወርቅን ቤት እንዳሻሽጥ የተሰጠኝ ጊዜ ነው። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ባላቸው ሲሞቱ ሐዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሄደው እዚያው ቀሩ። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ፣ አራት መኝታ፣ ካርታው ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለውን በሁለት ሳምንት እሸጠዋለሁ ብዬ ፎከርኩ፤ ዓመት ከመንፈቅ ቆመ። ግቢውን የሚጠብቁት ጤናዬና ባሏ ጋሽ ዋቅጅራ ነበሩ። ደመወዛቸው ለስሙ ያህል ነው፤ ዋናው ነገር ከጓሮ ያለችው ሰርቪስ ቤት ነበረች። ኪራይ በማይቀመስበት ከተማ አንዲት ክፍል በነጻ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ተከራይቶ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

ጤናዬ ከእኔ በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ሃምሳ ይሆናታል። ከዓለም ገና ማዶ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለጋሽ ዋቅጅራ ተድራ መጣች። ላም በነበራቸው ጊዜ ወተት በጀሪካን ይዛ ነፋስ ስልክ ድረስ በየቤቱ ታድል ነበር። መሬቱ ለቤት ሲሸነሸን ላሞቹም ሄዱ። ከዚያ በኋላ ኑሮዋ የሰው ቤት ሆነ። ሲሠራ ጠጠር ተሸክማለች፣ ሲያልቅ የቀለም ጠብታ ከወለሉ ፍቃለች፣ ሰው ሲገባበት ልብስ አጥባለች፣ ሲለቀቅ ደግሞ ጠብቃለች። ያልደረሳት ገብቶ መኖሩ ብቻ ነው።

ያ የወይዘሮ ጸሐይወርቅ ቤት የቆመበት ቦታ የጋሽ ዋቅጅራ አባት የምስር ማሳ ነበር። አንድ ቀን ሳሎኑ መሃል ቆማ፣ "እዚህ ጋ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ ማረሻ ሰባሪ ነው" አለችኝ፣ ስለ አንድ አስቸጋሪ ጎረቤት እንደሚወራ ሁሉ። መሬቱ ሄደ፣ ካሳውም መጥቶ ሄደ፣ ልጅም አልሰጣቸውም። ጋሽ ዋቅጅራ ግን በአካባቢው የሚፈለጉ ሽማግሌ ነበሩ። ሰርግ ሲኖር፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ አዲስ ቤት ሲገባ መራቂው እሳቸው ናቸው። ከሰበታ ድረስ መኪና ይላክላቸው ነበር። በኋላ ደም ግፊት ጣላቸው። ቀኝ ጎናቸው በድን ሆነ፣ አፋቸውም ተያዘ። ውኃ ሲጠማቸው እንኳ "ውኃ" ማለት አይችሉም፤ ዓይናቸውን ኩባያው ላይ ተክለው ይጠብቃሉ። ጤናዬ ዓይን እያየች መረዳት ለመደች።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ገዢ ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ደላላን እንደ ባዶ ቤት የሚያዋርደው ነገር የለም። በሩን ስትከፍት የታፈነ ሽታ ይቀበልሃል። ስታወራ ድምፅህ ከግድግዳው ይመለስብሃል። አንተ "ሳሎኑ ሰፊ ነው" ትላለህ፣ ሰውየው ጥግ ላይ ያለችውን ስንጥቅ ያያል፤ ሌላ የሚያየው ነገር የለማ። አንዷማ የመጀመሪያው ክፍል በር ላይ ቆማ፣ "ሰው ያልገባበት ለምንድን ነው? የሆነ ነገር አለው እንዴ?" ብላ ደረጃውን ሳትወጣ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩም ያማው ጀመር።

ያኤልን የጠራኋት ጨንቆኝ ነው። ያኤል ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት፤ ሥራዋ የሚሸጥ ባዶ ቤት ውስጥ የራሷን እቃ አስገብታ ሰው የሚኖርበት ማስመሰል ነው። እሷ "ስቴጂንግ" ትለዋለች፤ እኔ ቤት መዳር እለዋለሁ። ስትነግረኝ ስቄባት ነበር።

"ገዢው ሶፋውን አይወስደው፣ ሶፋ ማሳየት ምን ያደርጋል?" አልኳት።

"ጋሽ ወጋየሁ፣ ሰው ባዶ ክፍል ሲያይ ልኩ አይገባውም" አለች። "አልጋዬ ይገባል አይገባም እያለ ይጨነቃል። አልጋ ተነጥፎ ሲያየው ግን በሐሳቡ ጋደም ይልበታል። አንዴ ጋደም ካለ ደግሞ መነሳት አይፈልግም።"

ለወይዘሮ ጸሐይወርቅ ደወልኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እሺ አሉ።

ልጅቷ እጅ አላት። መጀመሪያ ስንጥቋን አስጠግና ቀለም አስቀባች፤ መሸፈን አልፈለገችም። መስኮቱ ትይዩ ትልቅ መስታወት ሰቅላ ብርሃኑን እጥፍ አደረገችው። ሶፋውን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋ አስቀመጠች፣ ለጠባቡ ክፍል አነስ ያለ አልጋ መረጠች፣ ክፍሉ ሰፋ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ የስድስት ሰው ሳህን ደረደረች። ፎቅ ላይ የልጅ ክፍል አዘጋጅታ ጠረጴዛው ላይ እርሳስና ያላለቀ ሥዕል ሳይቀር አኖረች። በረንዳው ላይ ደግሞ ፊቱ ወደ ግቢው በር የሆነ ባለ መደገፊያ ወንበር አስቀመጠች። ስትጨርስ እኔ ራሴ ሳልነገር ጫማዬን ጠርጌ ገባሁ።

የቀረው ችግር እውነተኞቹ ነዋሪዎች ነበሩ። ያኤል ክፉ አይደለችም፤ ግን ሥራ ሥራ ነው። የጤናዬ የልብስ ገመድ ተፈታ። ሦስት ዶሮዎቿ ለጎረቤት ተሰጡ። አጥሩ ሥር የነበረው የጎመን መደብ ተነቅሎ አበባ ተተከለበት። የነቀለችው ራሷ ናት፤ "ይሁን፣ አርጅቶም ነበር" አለች። አላረጀም ነበር። ሰርቪስ ቤቷ በር ላይ የቀርከሃ መከለያ ቆመ። በየማለዳው መስኮት የምትከፍተው፣ ሽታ እንዳይመጣ በየመታጠቢያ ቤቱ ውኃ የምታፈስሰው፣ የሶፋውን ትራስ የምታቃናው እሷ ናት። ሰው ላመጣ ስል ከአንድ ሰዓት በፊት እደውልላታለሁ። ቀረፋ ታፈላና ቤቱን ታውደዋለች፣ ከዚያ ከመከለያው ኋላ ገብታ ባሏ አጠገብ ድምፅዋን አጥፍታ ትቀመጣለች።

"ቤቱ ሲሸጥ እኛስ?" ብላ የጠየቀችኝ አንዴ ብቻ ነው፤ ትራስ እያቃናች።

"አይዞሽ፣ ለገዢው እነግረዋለሁ" አልኳት። በደላላነቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያ በቀላሉ ከአፌ የወጣ ግን የለም። ገዢ ሁሉ ጠባቂ የሚሆን ዘመድ አያጣም፤ ሰርቪስ ቤቱ ለእሱ ነው። ጤናዬም ታውቃለች። እያወቀች ትራሱን አቀናች። ቤቱን ችላ ብትለው ትባረራለች፣ ብታሳምረው ይሸጥና ትወጣለች። ምን ታድርግ?

አንድ ነገር ግን ደብቃኝ ኖሯል። ሰርቪስ ቤቷ ፀሐይ አያገኛትም፣ ትረጥባለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "ቀን ቀን ቁጭ ይበሉ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል፣ ፀሐይም ያግኙ" ብላ ስለነበር፣ ሰው በማይመጣበት ቀን ጤናዬ ባሏን ደግፋ አውጥታ በረንዳው ወንበር ላይ ታስቀምጣቸዋለች። እቃው ላይ እንዳትቀመጡ ብዬ ያስጠነቀቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ያኤል እንዲህ ብላ አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ አቶ ማሞና ዶርቃ የሚባሉ ባልና ሚስት ያሳየኋቸውን ቤት ሁሉ ሳይወዱ ቀሩ። ከሆሳዕና መጥተው እዚህ ልብስ የሚነግዱ፣ ጸሎተኛ ሰዎች ናቸው። ከእጄ እንዳይወጡ "አንድ ሌላ አለ፣ አሁኑኑ እንየው" አልኩ። ለጤናዬ ደወልኩ፣ አታነሳም። ስልኳ ሰርቪስ ቤት ቻርጅ ላይ ነው፤ እሷ ትልቁ ቤት ውስጥ ደረጃ ትወለውላለች። ቁልፍ ነበረኝና ከፍቼ አስገባኋቸው።

ጋሽ ዋቅጅራ ወንበሩ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጤናዬ ታጥባቸዋለች፤ ጋቢያቸው ነጭ፣ ጢማቸው የተከረከመ፣ ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ገበያዬ ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። ባልና ሚስቱ ግን ሽማግሌ ሲያዩ ባሉበት ቆሙ፣ ዝቅ ብለው "እንደምን ዋሉ አባባ" አሉ፣ አንገታቸውንም ሳያቀኑ ቆዩ።

ሽማግሌው አዩአቸው። ግራ እጃቸው ቀስ እያለ ተነሳ። በደህናው ጊዜ በግራ እጃቸው የሚመርቁ ሰው አልነበሩም፤ የተረፋቸው ግን እሱ ነው። ከዚያ አፋቸው ተከፈተ።

"ወጥታችሁ ግቡ" አሉ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ መንተባተብ የለውም። "ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ። ቤታችሁ ይሙቅ፣ ደጃችሁ ሰው አይጣ። የገባው ይጥገብ፣ የወጣው በሰላም ይመለስ። ክፉ አይንካችሁ። ሆራ ቡላ፤ ብዙ፣ ተባዙ፣ ሰንብቱ።"

በየመሃሉ ባልና ሚስቱ "አሜን፣ አሜን" ይላሉ። እኔም ሳላውቀው አንገቴን ደፍቻለሁ። ቀና ስል ጤናዬ መወልወያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ባሏ ከወደቁ ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት ቃል አልሰማችም። መወልወያው ከእጇ ወደቀ። አነሳችው፤ እንደገና ወደቀ።

በኋላ ነርሷን ጠየቅናት። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል አለችን፤ ሕመሙ ሰው አስቦ የሚናገረውን ይወስድና ዕድሜ ልኩን የደጋገመውን፣ ሰላምታውን፣ ጸሎቱን፣ ምርቃቱን አንዳንዴ ይተውለታል። "ውኃ" ማለት የጠፋቸው ጋሽ ዋቅጅራ አርባ ዓመት የመረቁት ምርቃት ከነመልኩ ተርፏቸዋል። አንገቱን ደፍቶ ደጅ የቆመ እንግዳ ሲያዩ እሳቸው ሳይጠሩት ይመጣል።

ባልና ሚስቱ ቤቱን ዞረው አዩት። ዶርቃ የልጁ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ በመስኮቱ ወደ ውጭ ብዙ አየች። ስንወጣ "አባባ የቤቱ ባለቤት አባት ናቸው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም አልኩ።

"በረከት ያለበት ቤት ነው" አለች ለባሏ። "እስካሁን ያየናቸው ቤቶች ሰው የላቸውም።"

በሳምንቱ ውል ተፈራረሙ። የዚያን ቀን ዶርቃ "አባባ ታዲያ የት ሊሄዱ ነው?" አለችኝ፤ "ልጃቸው ዘንድ" አልኳት። ልጅ የሌላቸውን ሰው። እውነቱን ብነግራት ምናልባት ሰርቪስ ቤቷን ትተውላቸው ነበር። ምናልባት ደግሞ ተታለልን ብለው ትተውት ይሄዱ ነበር። ይህን ፈርቼ ዋሸሁ፤ የእኔ ዝምታ ያኔ ነቀዘ። እስከ ዛሬ ድረስ ያቺን ውሸት አስባታለሁ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ እተዋለሁ፣ ሆዴም አልፈጀው አለ።

ያኤል እቃዋን ልታስጭን ስትመጣ የሆነውን ነገርኳት። ወንበሩን እንደያዘች ቆማ አሰበች።

"ሃና ማርያም ዓመት የቆመ ቤት አለ" አለች። "ሰርቪስ ቤትም አለው። አባባን ከነወንበሩ እዚያ ብናደርጋቸውስ?"

ክፋት የለባትም። መጠለያ አገኘሁላቸው ብላ ነው፤ እውነትም አግኝታላቸዋለች። እኔ ምን ሌላ ነበረኝ? ለጤናዬ ነገርኳት።

"እሱስ ሲሸጥ?" አለችኝ።

"ሌላ ይኖራል። ባዶ ቤት መቼም አይጠፋም።"

አሰብ አደረገችና፣ "እውነት ነው፣ አይጠፋም" ብላ ልብሷን በፌስታል ልትከት ገባች።

በአይሱዙ ሄዱ። ጋሽ ዋቅጅራ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን፣ ጤናዬ ከኋላ መስታወቱ እንዳይሰበር በሁለት እጇ አቅፋ። አስፋልቱ ላይ ሲወጡ አየኋት፤ ባለ አንድ ፎቁን ቤት ዞራ አላየችውም።

የሃና ማርያሙ ቤት በአርባ ቀን ተሸጠ። ገዢ ይመጣል፣ በሩ ላይ ሽማግሌ ያያል፣ ጎንበስ ይላል፣ ይመረቃል። ሰው ሶፋ አይቶ የሚያስበው ነገር አለ፤ ተመርቆ ከገባ በኋላ ግን ቤቱን ሳይገዛው የራሱ አድርጎ ነው የሚዞረው። እኔም እንደ መጀመሪያው ቀን መደንገጤን ተውኩ፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም "ጋቢው ታጥቧል?" ብዬ በስልክ ጠየቅኋት።

"ታጥቧል" አለችኝ።

ለእሷ ግን ምንም አይሏትም። ለሳምንት ሰው ካልመጣ ለሳምንት ድምፅ የለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ከግቢው ወጣች፤ በሩን ዘግታ አንኳኳችና "ቤቶች" አለች። ከዚያ ራሷው ከፍታ ገባች፣ በረንዳው ፊት እንደ እንግዳ ቆመች፣ አንገቷን ደፋች። ጋሽ ዋቅጅራ አዩአት። ፈገግ አሉ። እጃቸው አልተነሳም። ሚስታቸውን አውቀዋታል፤ ሚስቱን ደጅ አቁሞ የሚመርቅ ማን አለ።

"ሳቀብኝ እኮ" አለችኝ ስታወራልኝ፤ እሷም እየሳቀች ነበር። ወዲያው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስለ ውኃ ታንከሩ ጠየቅኋት።

ሦስተኛው ቤት ነፋስ ስልክ ነው፤ ድሮ ወተት ታድልበት ከነበረው መንገድ ገባ ብሎ፣ ትልቅ ጽድ ያለበት አሮጌ ቪላ። የገቡት ሰኔ መጨረሻ ነው። ሰርቪስ ቤቷ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለች ናት፤ ወለሏ ደረቅ፣ መስኮቷ ወደ ፀሐይ ነው። ጤናዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመነችኝ።

"ወጋየሁ፣ በሞቴ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ሰው አታምጣ። በዝናብ እሱን ይዤ የት እሄዳለሁ?"

እሺ አልኳት። እውነቴን ነበር። ያኤል ስትደውል "ገበያው ቀዝቅዟል" አልኳት፣ ባለቤቱ ሲደውሉ "ክረምት ነው፣ ገዢ አይወጣም" አልኳቸው፣ ሁለት ጠያቂ ወደ ሌላ ቤት መራሁ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ለአንድ ሰው ያልተከፈለኝበትን ደግ ነገር ሠራሁ ብዬ ተኮፍሼ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ፤ ጤናዬ ናት።

"ሰው አይመጣም እንዴ?" አለችኝ።

"አንቺ አይደለሽ አታምጣ ያልሽው?"

"ብዬ ነበር።"

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ በስልኩ ይሰማኛል።

"ድምፁ ጠፋብኝ" አለች። "ሃያ ቀን ሆነው። እንዳይጠፋ ፈራሁ። ካልተናገረበት ይሄም ቢሄድስ? አንድ ሰው ብቻ አምጣልኝ። የማይገዛ ሰው የለም?"

የማይገዛ ሰው። ሃያ ዓመት የሚገዛ ሰው ስፈልግ ኖሬ የማይገዛ ፈልግ የተባልኩት ያኔ ነው። ሞከርኩም። ቤት ማየት ብቻ የሚወዱ፣ አምስት ዓመት ያዞሩኝ አንድ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ከእነሱ የሚሻል የማይገዛ አይገኝም ብዬ ሐምሌ መጨረሻ ላይ እነሱን ይዤ ሄድኩ።

በሩን የከፈተችው ጤናዬ ናት። ከመከለያው ኋላ አልተደበቀችም። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ አውርዳ ተከናንባለች፤ እኔ እንኳ ካልተጠጋሁ አላውቃትም። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጋሽ ዋቅጅራ በረንዳው ላይ፣ ወንበራቸው ላይ፣ በነጩ ጋቢ ተቀምጠዋል።

ባልና ሚስቱ ጎንበስ አሉ። ግራው እጅ ተነሳ። "ወጥታችሁ ግቡ" ሲሉ፣ ጤናዬ ከሁለቱ ኋላ ቆማ አንገቷን ደፍታለች።

"ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ" አሉ።

"አሜን" አለች ከእንግዶቹ ጋር።

"ቤታችሁ ይሙቅ፣ ደጃችሁ ሰው አይጣ" አሉ።

"አሜን" አለች፤ ከሁላችንም ድምፅ የእሷ ይጎላ ነበር።

ቤቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለእነዚያው ለማይገዙት ባልና ሚስት ተሸጠ።